የንጋቱ ልጆችና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ

በአንድ ወቅት ነው፤ ዘመኑ ግን ሩቅ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካ ባለበት አንድ ከተማ አቶ ንጋቱ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ከበግ ቆዳ ላይ ጠጉር ማስለቀቅ ነበር። ቆዳው በኖራና በኬሚካል ይዘፈዘፋል፤ ከኬሚካሉም መርዛም ጋዝ ይወጣል። አንድ ማክሰኞ የገንዳውን ዝቃጭ ሊጠርጉ ወርደው አልተመለሱም። ጋዙ አፍኗቸው ሞቱ።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ሦስቱም አላለቀሱም። የሌላ ሰው ለቅሶ ይመስል ለቀስተኛውን ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ «የሞተው እኮ አባታችሁ ነው» ሲሏቸው፣ «እናውቃለን» አሉ።

ታላቋ ባንቺአምላክ በዩኒቨርሲቲ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን የምታጠና ነበረች። በሳልስቱ ዕለት ከድንኳን ወጥታ የፋብሪካው ፍሳሽ ከሚወርድበት ቦታ አፈር በብልቃጥ ይዛ ሄደች። ጎረቤት «ምን ዓይነት ልጅ ናት!» አለ። ከዚያ አፈር አንድ ባክቴሪያ ለየች። ባክቴሪያው የሚያመነጨው ኢንዛይም የጠጉርን ሥር ያላላል፤ ያ ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ጋዝም የለውም። ይህን ለማግኘት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። ነገር ግን ጠጉሩን ማስለቀቁ ሁለት ቀን ሙሉ ይወስዳል፤ ቆዳው እስከዚያ መሽተት ይጀምራል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ፈለቀ «እህቴ፣ ይህ ለእኛ አይሆንም» ብለው መለሷት።

መካከለኛው ይበልጣል የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የቀዶ ጥገና መቀሶች የሚታጠቡበትን በአልትራሳውንድ የሚሠራ ገንዳ ያውቃል፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ውሃውን ሲያንቀጠቅጠው ቆሻሻው ከብረቱ ላይ ይለቃል። ድምፁ ኢንዛይሙን ወደ ቆዳው ውስጥ ቢያሰርገውስ ብሎ አሰበ። አሮጌ ገንዳ ጠገነ፤ እህቱን ሳይጠይቅ የሦስት ወር ድካሟ የሆነውን ኢንዛይም ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ጨመረበት። ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፈተው። ኢንዛይሙ ተበላሸ። ከነከረው ቆዳ አንድ ጠጉር እንኳ አልለቀቀም።

«ሁሉንም?» አለች ባንቺአምላክ።

«ሁሉንም።»

ተመልሳ አዲስ አዘጋጀች፤ ጠርሙሱን ደጃፉ ላይ አስቀምጣለት ሄደች። በዚህኛው ጊዜ ይበልጣል ድምፁን ዝቅ፣ ደግሞም ዝቅ አደረገው፤ በየመሐሉ አሳረፈው። ለስለስ ያለው ድምፅ ኢንዛይሙን አልጎዳውም፤ አነቃው። በአምስት ሰዓት ውስጥ ጠጉሩ በእጅ ሲጠርጉት እየተንሸራተተ ወረደ። አቶ ፈለቀ ግን ሊያዩትም አልፈቀዱም። «በደንበኛ ቆዳ ሙከራ አልሠራም» አሉ።

ታናሹ አስቻለው በአባቱ ቦታ ተቀጥሮ እዚያው ክፍል ይሠራ ነበር። አንድ ጠዋት የወንድሙን ገንዳና የእህቱን ኢንዛይም በጋሪ ገፍቶ አስገባ፤ ወደ ውጭ ሊላኩ ከተለዩት የበግ ቆዳዎች አሥራ ሁለቱን አንስቶ በኢንዛይሙ ውስጥ ነከራቸው፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈ።

«አስቻለው! ምን እያደረግህ ነው?» አለ የፈረቃ ኃላፊው በሩን እየደበደበ።

«ሥራ።»

ከአምስት ሰዓት በኋላ ከፈተ። አሥራ ሁለቱም ቆዳ ነጥቶ ተደርድሯል። ኃላፊው በመዳፉ ዳሰሰው። አስቻለው በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ተናደድክ?» አሉት እናቱ።

«አላውቅም።»

እነዚያ ቆዳዎች ተለፍተው ሲያልቁ እንከን አልተገኘባቸውም። አቶ ፈለቀ ባንቺአምላክንና ይበልጣልን አስጠሯቸው፤ በዓመቱ ትልልቅ ገንዳዎች ተተከሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል በጋዝ የሞተ ሰው የለም። አስቻለውን ግን መልሶ የቀጠረው የለም፤ ባጃጅ ይነዳል።

አንድ ቀን አቶ ፈለቀ ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት መጡ። የጠጉር ማስለቀቂያው ክፍል በአንድ ሰው ስም ሊሰየም ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ዘዴውን በዚያው ስም ሊጠሩት ነው።

«የንጋቱስ ስም?» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

አቶ ፈለቀ አቀረቀሩ። «በሥራ ላይ የሞተ ሰው ስም የበላይ አለቆች አይፈቅዱም። ከልጆችዎ አንዱን ይንገሩኝ።»

እናት ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«ኢንዛይሙ ባይኖር ድምፁ ባዶ ውሃ ነበር የሚያንቀጠቅጠው» አለች ባንቺአምላክ።

«ድምፁ ባይኖር ኢንዛይሙ ዛሬም ጠርሙስ ውስጥ ነበር» አለ ይበልጣል።

በመጨረሻ አስቻለው ተናገረ። «እኔ ገንዳ ገፍቼ ገባሁ እንጂ የፈጠርኩት ነገር የለም። ሁለታችሁ ግን ከፋብሪካው በር ተመልሳችሁ ነበር።»

ወይዘሮ አልጋነሽ የሦስቱንም ፊት በየተራ አዩ። ንዴት የለም፤ ደስታም የለም። «እንዳሻሽ አድርጊ» አሏቸው ሦስቱም፣ አባታቸው በሞቱ ቀን በተናገሩበት ድምፅ። አቶ ፈለቀ ብዕራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

እናንተ ሰሚዎች፣ ፍርዱ ለእናንተ ነው፦ በወይዘሮ አልጋነሽ ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትሰጡ ነበር?