አያ ጅቦ ዓሣ ሊያጠምድ የሄደ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ባሕሩ ከጨው ሜዳው ጋር በሚገናኝበት ሞቃት ዳርቻ፣ ጨው የምትሸከም አንዲት አህያ ከቅፍለቷ ተነጥላ ቀረች። ጥፋቱ የራሷ ነበር። ጓደኞቿ ሲጓዙ እሷ አረንጓዴ ቁጥቋጦ አይታ «አንዴ ብቻ ልቅመሳት» ብላ ቆመች። ጠግባ ቀና ስትል ጓደኞቿ የሉም፤ ከፊቷ የቆመው አያ ጅቦ ነው።

አያ ጅቦን መቼም ታውቁታላችሁ። ሆዱ ቀድሞት ይሄዳል፤ ሐሳቡ ደግሞ ሦስት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል።

«እንኳን ደህና መጣሽ!» አላት ምራቁን እየዋጠ። «ከየትሽ ልጀምር?»

አህዪት ብትደነግጥም አንደበቷ አልከዳትም።

«ጌታዬ አያ ጅቦ፣ ከየትም ቢጀምሩ የሚያገኙት አጥንት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጨው የተሸከመ ጀርባ ምን ሥጋ ይኖረዋል? ይልቅ ይህን ባሕር ይዩልኝ! ውስጡ ያለው ዓሣ ስቡ የሚንጠባጠብ ነው። እዚያ የተገለበጠው ጀልባ ሥር ደግሞ አጥማጆች ክርና መንጠቆ ትተው ሄደዋል። እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይታገሡኝና ዓሣ ይብሉ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰ።

«እሺ። ፀሐይ ስትጠልቅ በዓሣ ካልጠገብኩ ግን በአንቺ እጠግባለሁ። የማጠምደውም እኔው ራሴ ነኝ። አህያ እያጠመደች እኔ ቆሜ ባይ አራዊቱ ምን ይሉኛል?»

ምስኪን አህያ! ነፍሷ የተንጠለጠለችው እንግዲህ አያ ጅቦ በመንጠቆው ላይ በሚሰካው ነገር ላይ ሆነች።

ከጀልባው ሥር አንድ የዛገ ጣሳ ወጣ። ውስጡ ከጤፍ አገዳ ከሚቀጥነው ጀምሮ እስከ ጣት የሚወፍረው ድረስ ብዙ ዓይነት መንጠቆ አለ። አያ ጅቦ ወፍራሙን አነሣ።

«አያ ጅቦ፣ ለዓሣው አፍ አይተልቅም?» አለች አህዪት ቀስ ብላ።

«የኔ አፍ ይችለዋል!» አላት። «አሁን ደግሞ የሚጣፍጥ ነገር እንስካበት። ምን ይሻላል? አዎ! ያ ጀርባሽ ላይ ያለው የጭነት ጠፍር!»

ጠፍሩን ከጀርባዋ በጥሶ ቆራረጠና አንዱን ቁራጭ ሰካው። ቆዳው ላብ ላብ፣ ጨው ጨው ይሸታል። አያ ጅቦ ሊወረውር እጁን አነሣና አሸተተው፤ አሸተተና ላሰው፤ ላሰና ዋጠው።

«ምን ሆነ?» አለች አህዪት።

«መልካም መሆኑን እያረጋገጥኩ ነው» አለ እያላመጠ።

ሁለተኛውንም አረጋገጠ። ሦስተኛውንም አረጋገጠ። አራተኛው የተረፈው ጠፍሩ እያለቀ መሆኑን አህዪት ጮኻ ስላስታወሰችው ብቻ ነው። በመጨረሻ መንጠቆው ጥልቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ።

ከታች ሁለት ዓሦች አሸዋው ላይ ሽሪምፕ የሚባሉትን ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ይለቅሙ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ አንዱ።

ሌላው ጠጋ ብሎ አየው። «ጠፍር ነው።»

«ይበላል?»

«እኔ እንጃ። አንድ ሰው አኝኮ የተወው ይመስላል።»

ሁለቱም ተሳሳቁና ወደ ሽሪምፓቸው ተመለሱ። ላይ አያ ጅቦ ክሩን ይዞ ይጠብቃል። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ማዘቅዘቅ ጀመረች፤ አንድም ዓሣ አልመጣም።

ይህን ጊዜ ውላቸውን ከሩቅ ስትሰማ የዋለችው እመት ቀበሮ ከረጢቷን አንጠልጥላ ብቅ አለች። እመት ቀበሮ ሽታ ያለበት ቦታ ሁሉ በአጋጣሚ የምታልፍ ናት።

«አያ ጅቦ! እርስዎን የሚያህል ጌታ በቁራጭ ጠፍር ያጠምዳል? ኧረ ነውር ነው! ይህን ይመልከቱ።»

ከረጢቱን ዘረገፈችው። የአውራ ዶሮ ላባ የታሰረበት፣ ቀይ ዶቃ ያለበት፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ያለበት፣ በየዓይነቱ የዓሣ ማባበያ አሸዋው ላይ ተዘረጋ። አያ ጅቦ ዓይኑ ፈጠጠ።

«በስንት?» አለ።

«ከእርስዎ ምን እወስዳለሁ ብለው ነው? ዓሣ ከተያዘ ጭንቅላቱን ይጥሉልኛል። ካልተያዘ ደግሞ ከአህያዋ አንድ ታፋ ይበቃኛል» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

የአህዪት ጆሮ ቀጥ አለ። የዓሣ ጭንቅላትና የአህያ ታፋ ቢቀርብላት እመት ቀበሮ የትኛውን እንደምትመርጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ወደ ቀበሮ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«እመት ቀበሮ፣ እውነት ይህን ቆርቆሮ ዓሦቹ ይወዱታል?»

«ዓሦቹን መቼ አግኝቼ ጠየቅኳቸው?» አለች ቀበሮ እየሣቀች። «እኔ የምሠራው ለአጥማጁ ዓይን ነው። እሱ ከወደደው ሥራዬ አልቋል።»

አያ ጅቦ በጣም የሚያብረቀርቀውን መረጠና ወረወረው። እንዲህ ያለው ማባበያ ጥሩ እጅ ካገኘ አይከፋም፤ ክሩን ሳብ ለቀቅ ሲያደርጉት ትንሽ ዓሣ የምትሸሽ ይመስላል፤ ትልቁም ይከተላታል። አያ ጅቦ ግን ክሩን ቂጡ ሥር አድርጎ ተቀመጠበትና አንቀላፋ። ቆርቆሮው ከታች አሸዋ ላይ ተኛ። አንዲት ዓሣ መልኳን ስታይበት ቆየችና «ወፈርኩ እንዴ?» ብላ ሄደች።

እመት ቀበሮ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ የአህዪትን ታፋ ታያለች።

አህዪት እንባዋ መጣ። ማልቀስ ግን ጊዜ ይፈጃልና ተወችው፤ በዚያ ፈንታ ባሕሩን ማየት ጀመረች። ውሃው ከዳርቻው ሸሽቷል። እርጥቡ አሸዋ ላይ ወፎች ጎንበስ ቀና እያሉ አንድ ነገር ይለቅማሉ። ቀረብ ብላ አየች፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ትንንሽ ሽሪምፖች ናቸው። ከወፎቹ ፈንጠር ብሎ፣ ውሃው ጉልበት በሚያህልበት ቦታ፣ ዓሦች እነዚያኑ ሽሪምፖች ሲሻሙ ውሃው ይፈላል።

እየሮጠች ተመለሰች።

«አያ ጅቦ፣ ይነሡ! ዓሦቹ ዛሬ የሚበሉትን አየሁት!»

«ዓሣ የሚበላውን እኔ ምን አገባኝ?» አለ ዓይኑን እያሸ። «የምበላው እኔ!»

«አንዴ ብቻ ልሞክር። ካልሆነ እኔ የትም አልሄድም፤ እዚሁ ነኝ።»

«ፀሐይዋ እኮ ልትጠልቅ ነው፣ ምን ያደክማታል?» አለች ቀበሮ ጣልቃ ገብታ። አያ ጅቦ ግን እንቅልፉ አላለቀለትም ነበርና «ትሞክር» ብሎ ጋደም አለ።

አህዪት ከጣሳው ቀጭኑን መንጠቆ በከንፈሯ አወጣች። አንድ ሽሪምፕ ለቅማ፣ የመንጠቆው ጫፍ እንዳይታይ አድርጋ ሰካችው። ክሩን በጥርሷ ይዛ ወረወረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ሳትጨርስ ክሩ ተወጠረ! ወደ ኋላ ተስፈነጠረች፤ ብርማ ዓሣ አሸዋው ላይ ወድቆ ተንፈራገጠ።

አያ ጅቦ እንቅልፉን ረሳው። መንጠቆውን ፈልቅቆ ዓሣውን ዋጠ።

«ድገሚ!»

ደገመች። ሰለሰች። ሰባት ዓሣ ወጣ። እመት ቀበሮ «ጭንቅላቱስ?» ባለች ቁጥር አያ ጅቦ «የትኛው ጭንቅላት?» ይላታል፤ ጭንቅላቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ስምንተኛው ሲወጣ ፀሐይዋ የጨው ሜዳውን ጫፍ ነካች።

«እንግዲህ ጠግበዋል፤ ልሂድ» አለች አህዪት።

አያ ጅቦ አፉን ጠረገ። «ጠግቤያለሁ። ዳሩ ዓሣ ውሃ ነው፤ ቶሎ ይሟሟል። ሥጋ ካልጨመርኩበት ሌሊቱን እንዴት ላድር ነው?» ብሎ ወደ እሷ መጣ። እመት ቀበሮም ከረጢቷን ጣለችና ከወዲያ በኩል ከበበቻት።

አህዪት በንዴት ጋለች። ቃሏን ጠብቃለች፣ ደክማለች፣ አብልታዋለች! ንዴቱ ግን አእምሮዋን ከፈተላት። ‹ቀኑን ሙሉ ዓሣ ምን እንደሚወድ ሳስብ ዋልኩ› አለች በልቧ። ‹ይህ የቆመው ምን እንደሚወድ ለምን አላሰብኩም?›

«መልካም፣ ይብሉኝ» አለች ረጋ ብላ። «የሚያሳዝነኝ ያ ጥጃ የሚያክለው ዓሣ ማምለጡ ነው።»

አያ ጅቦ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የቱ?»

«ከዚያ ከባሕሩ ዳር ካለው ቋጥኝ ባሻገር ያለው ነዋ! አይታይዎትም? ትንንሾቹን እያሳደደ ነው።» እውነትም ጥቁር ጀርባ ውሃውን ሰንጥቆ አለፈ። «ይህንን ስምንተኛውን ዓሣ ሳይሞት ብንሰካው ይመጣል። ግን ኃይለኛ ነው፤ ክሩን ሁለት ሆናችሁ ያዙት። ለእመት ቀበሮም ግማሹ ይደርሳታል።»

«ግማሹ?» ጮኸ አያ ጅቦ። «ለማን? ለምን ሲባል?»

«እኔ እንኳ ላግዝዎት ብዬ...» አለች ቀበሮ።

«ዞር በይ! ማንም አይነካውም!»

«ካልፈለጉ እንግዲህ ማንም አይካፈልዎትም፤ ብቻዎን ይበሉታል» አለች አህዪት።

ብቻዎን! አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁ ወረደ። ከጀልባው ሥር አንድ ወፍራም ገመድ አወጣና ወፍራሙን መንጠቆ አሰረበት፤ ቀበሮ እንዳትነካውም ገመዱን ወገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ቋጠረው። ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ዓሣውን ሰካና ወረወረ።

ጥቁሩ ጀርባ ዞር አለ። ውሃው በኃይል ተሰንጥቆ ተከፈተ፤ ገመዱ ተወጠረ።

«መጣልኝ!» አለ አያ ጅቦ።

የመጣ ግን አልነበረም፤ የሄደው እሱ ነው። ከቋጥኙ ላይ ተስፈንጥሮ ባሕር ውስጥ ገባ፤ አንዴ ጆሮው፣ አንዴ ጅራቱ እየታየ ወደ ማዶ ገሠገሠ። እየተጎተተም «የኔ ነው! የኔ ነው!» ይል ነበር። ገመዱ የተበጠሰለት የባሕር ውሃ ጠግቦ ከጠጣ በኋላ ነው፤ እየዋኘና እያስታወከ ከሩቅ ዳርቻ ሲወጣ አህዪት ከቅፍለቷ ልትደርስ ተቃርባ ነበር።

እመት ቀበሮ ግን ብቻዋን አህያ መጣል እንደማትችል ታውቃለችና፣ ጥቂት መንገድ ከኋላዋ ተከትላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ማባበያ ስሠራ ኖሬያለሁ። ጅብን የሚያህል አውሬ የያዝሽበትን ከየት አመጣሽው?»

«አላመጣሁትም» አለች አህዪት መንገዷን ሳታቆም። «‹ብቻዎን ይበሉታል› አልኩት እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ማባበያ የሚመረጠው በሚበላው አፍ እንጂ በአጥማጁ አፍ አለመሆኑንና፣ በጣም የምንወደው ነገር ፊታችን ሲንጠለጠልም ከመጉረሳችን በፊት ማን እንዳንጠለጠለው መጠየቅ እንደሚገባን ነው።