የተፈተገው ወርቅ

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ መርከበኛ ሳለ ከጃፓን አንድ ትንሽ የብረት ሳጥን አምጥቶላት ነበር። አሮጌ ሳጥን ነው። መልኩ ጥቁር ነው፤ ክዳኑ ላይ ግን በወርቅ የተሠራ ወፍ ክንፎቹን ዘርግቷል። ባልየው ሞተ። ልጃቸው ስንዱ ልታገባ ስትል እናት፣ "ከአባቷ የቀራት ይኸው ነው" ብላ በሠርጓ ቀን ልትሰጣት አሰበች።

ነገር ግን እንዲህ ጠቁሮ እንዴት ይሰጣል? ወገኖቼ፣ እናቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። የጠቆረ ድስት አይተው ያልፋሉ? አያልፉም! ሎሚና አመድ አመጣች፣ የድስት ሽቦ አነሣች፣ ፈተገችው። ጥቁሩ ለቀቀ። ደስ አላት። ጨምራ ፈተገችው። ወርቁም ለቀቀ። የወፉ አንድ ክንፍ ጠፋ።

"እማ፣ ምን ሆነሻል?" አለች ስንዱ።

"የአባትሽን ስጦታ በገዛ እጄ አጠፋሁት!"

እያለቀሰች ወርቅ ሠሪው ጋሽ ዘውገ ዘንድ ወሰደችው። እሱም በማጉያ መነጽሩ አየና፣ "እትዬ፣ ሽሮ ያረረበት ድስት መሰለዎት እንዴ?" አላት።

"ጋሼ፣ አይሳቁብኝ፤ ሠርጉ ደርሷል። እንግዲህ ቀረ ማለት ነው?"

"ጥቁሩ እድፍ አልነበረም። ወርቁ ጎልቶ እንዲታይ ሆን ብለው ያጠቆሩት ነው። እስቲ ክንፉ የነበረበትን ይንኩት።"

ነካችው። "ይሻክራል።"

"ወርቅ ልሙጥ ብረት ላይ አይይዝም። መጀመሪያ ብረቱን በስለት ይጫጭሩታል፤ ከዚያ ወርቁን ጭረቱ ላይ ቀጥቅጠው ያስይዙታል። ጭረቱ አሁንም አለ። ጥቁሩን እኔ እመልሰዋለሁ፤ እርስዎ ወርቅ ብቻ ይስጡኝ።"

የጆሮ ጌጧን አውልቃ ሰጠችው።

በሠርጉ ቀን አዲሱ ክንፍ ከአሮጌው ይልቅ ያበራ ነበር። እናት አፍራ፣ "ይለያል አይደል?" አለች።

ስንዱ ክንፉን እየዳሰሰች፣ "ይለያል። ያኛው የአባዬ ነው፤ ይሄኛው ያንቺ" አለቻት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ምን አጠፋችሁ? በክፋት አላልኩም። እየወደዳችሁ፣ "ላሳምረው" እያላችሁ! ልጁ እንዲታረም በተግሣጽ ፈትጎ ፈትጎ ከቤት ያራቀው አባት እዚህ የለም? እህቷን ላቅና ብላ ያስቀየመቻትስ የለችም?

"በቃ፣ ቀረ" አትበሉ። የጎደለውን ቦታ ዳስሱት። ይሻክራል? ያማችኋል? እንግዲያው ፍቅር የሚይዝበት ቦታ ገና አለ። እግዚአብሔርም እዚያ ላይ መሥራት ያውቅበታል።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። ሂዱና በሩን አንኳኩ። "እንደ ድሮው አይሆንም" ብላችሁ አትፍሩ። አዎ፣ እንደ ድሮው አይሆንም። ከድሮው ይልቅ ሊያበራ ይችላል!