ለቆራሌው የታጨው ኮምፒውተር

በእኛ ከተማ ሰው በሰው ላይ ተስፋ ሲቆርጥ የምትነገር አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ስለ ቀብር ይመስለዋል፤ የዕድር ሽማግሌዎች ያወጧት የሚመስላቸውም አሉ። የለም። የወጣችው ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ፈተና የምተይበው እኔ ነኝ፤ አባባሏ ስትወጣም እዚያው ነበርኩ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰባት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ። ፈተናቸውን በብሬይል፣ በጣት በሚነበቡት ነጠብጣቦች፣ የሚያትመው ማሽን የሚታዘዘው ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። አዲሶቹ ላፕቶፖች ከማተሚያው ጋር መግባባት አቃታቸው። አሮጌው ኮምፒውተር ዕድሜው ከልጄ ይበልጣል፣ ሲነሳም እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ከሰባቱ አንዷ አስረበብ ናት። ብሬይል ስታነብ ጣቷ ይሮጣል፤ ሰው ጥያቄ ሲያነብላት ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ባለፈው መንፈቅ የብሬይል ወረቀት አልቆብን በቃል ተፈተነችና ወደቀች። ርእሰ መምህሩም "አሁንም ከወደቀች ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ልጅቱ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው" ብለው ቆርጠዋል።

ፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው የኮምፒውተሩ ዲስክ መንቋቋት ጀመረና ተበላሸ። ጥገና ቤት ያለውን ይበልጣልን ጠራሁት። ይበልጣል ሙያ አያንሰውም፤ የሚያንሰው ትዕግሥት ነው። አዲስ ዲስክ ይዞ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላውቀውም አለ።

"ባዮሱ አርጅቶ ነው" አለኝ፤ ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበውን ትእዛዝ ማለቱ ነው። "አሁኑኑ አድሰዋለሁ።"

የብሬይል መምህሩ ጋሼ ስማቸው፣ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፣ ከጥግ ሆነው "ዛሬ መብራት የሚጠፋው በእኛ ተራ ነው። ነገ ብታደርገው ምን አለበት?" አሉት።

"አምስት ደቂቃ እኮ ነው ጋሼ!"

"ለጥፋት አምስት ደቂቃ ብዙ ነው።"

በሦስተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ፤ እድሳቱም መሃል ላይ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አበራነው። ስክሪኑ ጥቁር። ይበልጣል ገመድ ቀየረ፣ ሜሞሪውን አውጥቶ ጠርጎ መለሰ፣ ከቢሮዬ ሌላ ስክሪን አስመጣ። ያው ጥቁር።

"በቃ፣ ሞቷል" አለ ፊቱ አመድ መስሎ። "እግዜር ያጥናችሁ።"

እኔ አስረበብን አስቤ እንባዬ መጣ። በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ማዶ "ቆራሌው!" የሚል የአሮጌ ዕቃ ገዢ ጥሪ አለፈ። ይበልጣል በራሱ ተናዶ "እንዲያውም ልጥራው?" አለ።

"ዝም በሉ!" አሉ ጋሼ ስማቸው። በበትራቸው እየዳሰሱ መጡና ጆሯቸውን የኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ ለጠፉ።

"ጋሼ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው እኮ።"

"ለእኔ መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል? ስማ። ክርር ይላል፣ ያቆማል። እንደገና ክርር ይላል። የሚፈልገው ነገር አለ።"

ይበልጣል ጎንበስ አለ። ድምፁ የድሮዋ ስስ ዲስክ ከምትገባበት ከፍሎፒ ማስገቢያው ነበር፤ ትንሿ መብራትም ብልጭ ትላለች፤ ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን አላየናትም። ግንባሩን በመዳፉ መታ። ለካ እድሳቱ ቢቋረጥም የማትጠፋ አንዲት ትንሽ ክፍል ባዮሱ ውስጥ አለች። ስክሪን ማብራት አትችልም፤ የጎደላትን ትእዛዝ ግን ከፍሎፒ ላይ ትፈልጋለች። ኮምፒውተሩ ከሰዓት ሙሉ ሲለምነን ኖሯል።

በማግሥቱ ይበልጣል ከተማውን አስሶ ከአንድ መዝገብ ቤት መሳቢያ አራት ፍሎፒ አገኘ። ሦስቱ ሻግተዋል። የታደሰውን ባዮስ እዚያው በነበረ አሮጌ ማሽን አራተኛው ላይ ገለበጠ። መብራት ተራችን አለመሆኑን ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ አላመነምና የጥገና ቤቱን ባትሪ ተሸክሞ መጣ። ፍሎፒውን ከተተ። ክርር አለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ክርር አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ፤ አዲሱንም ዲስክ አወቀው። ይበልጣል የጋሼን እጅ ሳመ።

ግን ገና ነበር። ፊደሉን ወደ ነጥብ የሚቀይረው ፕሮግራም ከአሮጌው ዲስክ ጋር ጠፍቷል። ጋሼ ስማቸው ከቁምሳጥናቸው አንድ እቅፍ የብሬይል ወረቀት አወጡ። ፕሮግራሙን የጻፈው የድሮ ተማሪያቸው ነበርና ኮዱን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ትእዛዝ፣ መስመር በመስመር አሳትመው አስቀምጠውታል። ሁለት ቀን እሳቸው በጣታቸው እያነበቡ፣ እኔ እየተየብኩ፣ ይበልጣል ስሕተቴን እያረመ ሰነበትን። ኮምፒውተሩ ያንን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ይበልጣልም ሦስቱን ሰዓት አንድ ቁልፍ ሳይነካ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው።

አስረበብ ወረቀቷን በጣቷ አንብባ ተፈተነች። ውጤት በተነገረ ዕለት ከክፍሏ አራተኛ ወጣች። ርእሰ መምህሩ ውጤቷን ይዘው ማተሚያው ክፍል ገቡ፤ ሦስታችንም እዚያው ነበርን።

"ይህች ያቺ ዝምተኛዋ ናት? እኔ እኮ ተስፋ ቆርጬባት ነበር" አሉ አፍረው።

ይበልጣልም ኮምፒውተሩን እያየ "እኔስ ይሄንን ለቆራሌው ልሰጠው አልነበር!" አለ።

ጋሼ ስማቸው ሣጥኑን በእጃቸው መታ መታ አድርገው ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ፦ "ፊቱ ቢጨልም አትቅበረው፤ ጠጋ በልና አድምጠው።"