የሁለት ልጆች አባት

ወገኖቼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ሰፈሩም ራሱ «ጸሐፊው» እያለ ነው የሚጠራቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። በሰፈሩ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ መስመር ያለው ወረቀት ያወጣሉ፣ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ይጽፋሉ።

ያንን ጽሑፍ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀብር ላይ ፀሐይ አናታችሁን እየመታው ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል! «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባለትዳርና የዚህን ያህል ልጆች አባት ነበሩ።» አይደለም እንዴ? ስንሞት ሁላችንም ለተቸገረ ደራሽ ነን! በሕይወት ሳለን የት እንደምንደበቅ እንጃ።

እሳቸውም ይህን ጽሑፍ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ በአንድ ቁጭታ ይጨርሱታል። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው በእጃቸው ጽፈው ሸኝተዋል።

ታዲያ በዚያው ሰፈር መምህርት አጸደ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። እኚህ ሴት አንድ ነገር ጀመሩ። «እስክንሞት ለምን እንጠብቃለን? በሕይወት ሳለን ታሪካችንን አብረን እንጻፍ» አሉ። በየሐሙሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በተከማቸበት አዳራሽ፣ ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንድ ሰዓት ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይነበባል። አንድ ደንብ አላቸው። ማንም የራሱን አያነብም። የእናንተን ጽሑፍ የሚያነበው በቀኛችሁ የተቀመጠው ሰው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ይህን የሰማሁ ቀን ሳቅሁ። «ጡረተኛ ሥራ ሲፈታ» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ዛሬ እነዚያን ስምንት ሰዎች ባገኛቸው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው ሰላም የምላቸው።

ጸሐፊው ሲጋበዙ ደስ አላቸው። ለእሳቸው መጻፍ ምን ይከብዳል? የመጀመሪያው ሐሙስ ማንም ሳይጨርስ ጨረሱ፤ ወረቀታቸውንም በቀኛቸው ለተቀመጡት ለወይዘሮ ትርንጎ ሰጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወፍጮ ቤት ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በወፍጮው ጩኸት ላይ መጮኽ ስለለመዱ ቀስ ብሎ መናገር አይሆንላቸውም።

«ከአባታቸውና ከእናታቸው በአንጎለላ ተወለዱ!» ብለው ጀመሩ፤ አዳራሹ አስተጋባ። «በሥራቸው ታታሪ ነበሩ! ሰው አክባሪ ነበሩ!» ቀና አሉ። «ጋሼ፣ ሞተዋል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊውም ሳቁ። ለካ በዚያ እጅ «ነበሩ» እንጂ «ነኝ» ተጽፎ አያውቅም!

ወይዘሮ ትርንጎ ማንበባቸውን ቀጠሉ። «ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ።» እዚህ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አዩት፤ ራቅ አድርገውም አዩት።

«ሁለት?» አሉ። «ስንዴ ተሸክማ ወፍጮ ቤቴ ትመጣ የነበረችው ልጅስ የማን ናት? ባለቤትዎ የተቀበሩ ቀንም 'የሁለት ልጆች እናት' ተብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን በእኔ አፍ ነው የሚነበበው።»

ጸሐፊው ወረቀታቸውን ተቀበሉ። አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ወጡ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ከሁለቱ በፊት ግን ወይንሸት የምትባል ሴት ልጅ ተወልዳላቸዋለች። አባቷ ያልፈቀዱትን ሰው አግብታ ሀዋሳ ወረደች፤ እሳቸውም ስሟ በዚያ ቤት እንዳይጠራ ከለከሉ። ብዙ ሳይቆይ እናቷ ታመመች። ዘጠኝ ቀን ተኝታ ዐረፈች። ይህ የሆነው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ስልክ በየኪሱ አልነበረም። ወንዶቹ ልጆች ገና ተማሪዎች ነበሩ። «ለእህታችሁ ተልኮባታል» አሏቸው፤ አመኗቸው።

አልተላከባትም። ለሰፈሩ ሁሉ መርዶ የሚልኩት ሰው ለገዛ ልጃቸው መርዶ አልላኩም። ወይንሸት የእናቷን ሞት የሰማችው አርባው ካለፈ በኋላ፣ ሀዋሳ ገበያ ላይ ካገኘችው የአገሯ ሰው ነው። ስትደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል። ያገኘችው ነገር ቢኖር ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ በአባቷ እጅ የተጻፈውን የእናቷን የሕይወት ታሪክ ነው። «የሁለት ልጆች እናት ነበሩ» ይላል። አንብባ ወጣች፤ ያንን በር ዳግመኛ አልረገጠችም።

ሃያ ሁለት ዓመት! ከዚያ በኋላ ስንት ሟች «ለተቸገረ ደራሽ» እያሉ እንደጻፉ እናንተው አስቡት።

ሐሙስ መጣ፤ ጸሐፊው አልመጡም። ሁለተኛውም ሐሙስ መጣ፤ አልመጡም። ሦስተኛው ሐሙስ ሊደርስ ሲል በራቸው ተንኳኳ። አቶ ሸዋንግዛው ናቸው፤ በጸሐፊው ግራ የሚቀመጡት ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር።

ጸሐፊው ምክር ሊመጣባቸው መስሏቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ። አቶ ሸዋንግዛው ግን ምክር አልያዙም። የያዙት ወረቀት ነው።

«ጋሼ፣ አንባቢ አጣሁ» አሉ። «ቀኜ ባዶ ነው። ሁለት ሐሙስ ሙሉ የእኔ ሳይነበብ ቀረ። ለሌላ ሰው ልስጠው ብል ደንቡ አይፈቅድም። ምናለ ለእኔ ሲሉ ቢመጡ?»

ይህን ልብ በሉልኝ። «ለራስዎ ይምጡ» አላሏቸውም። «ለእኔ ሲሉ» ነው ያሏቸው። ስንቶቻችን ነን ለራሳችን ስንባል እምቢ ብለን፣ ለሌላው ስንባል የምንነሣ? ሰውዬው ተነሥተው ሄዱ።

የአቶ ሸዋንግዛውን ወረቀት ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «እኔና ወንድሜ በእናታችን ቤት ውርስ ተጣልተን አምስት ዓመት አልተነጋገርንም። ታሞ ሆስፒታል መተኛቱን ሰማሁ። በዚያ ከተማ በመኪናዬ ሳልፍ የሆስፒታሉን በር አየሁት። ፍጥነቴን ቀነስኩ። መቼም ወንድሜ የእኔን ጥሩምባ ያውቀዋል ብዬ ሁለት ጊዜ ነፋሁ። ከዚያ እኔ ሳልወርድ አለፍኩ። እኔ አለፍኩ።»

«እኔ አለፍኩ» የሚለውን ጸሐፊው ደግመው አነበቡት። የተጻፈው የአቶ ሸዋንግዛው ነው፤ አፉ ግን የእሳቸው ነው። የሁለት መቶ ሰው ታሪክ የጻፈ ሰው፣ የሕያው ሰውን «እኔ» ሲያነብ የመጀመሪያው ነበር። ማንም አላስቸኮላቸውም።

በዚያው ሐሙስ ወረቀት አውጥተው ሦስት መስመር ጻፉ። ለወይዘሮ ትርንጎም ሰጧቸው። ወይዘሮ ትርንጎም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። የመጀመሪያዋ ወይንሸት ናት። እናቷ ስትሞት መርዶ ያልላኩባት እኔ ነኝ።»

አቤት፣ ወገኖቼ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጻፉት ሁሉ ይበልጣል። ሦስት መስመር!

ያንን ወረቀት በትንሹ ልጃቸው እጅ ወደ ሀዋሳ ላኩት። መልስ አልመጣም። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ መልስ የለም። እሳቸው ግን ከሐሙሳቸው አልቀሩም። የሰውን ያነባሉ፣ የራሳቸውን ይጽፋሉ። ያንን የደበቁትን ነገር በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይገልጡታል።

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ፣ የመጻፊያው ሰዓት አልቆ ንባቡ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ የጸሐፊውን ወረቀት ይዘው ሊጀምሩ ሲሉ አንዲት ሴት በር ላይ ቆመች። አርባዎቹን የጨረሰች፣ ነጠላዋን የመንገድ አቧራ የነካው ሴት ናት። ቤቱ ሄዳ ዝግ ሆኖባት፣ ጎረቤት ነው ወደ አዳራሹ የመራት።

ጸሐፊው ቀና ብለው አዩዋት። ቀድመው የተጣሩት ግን ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። «የእኔ ስንዴ ተሸካሚ!» አሉ። ከወንበራቸው ተነሡና ወረቀቱን በእጇ አኖሩት። «ነይ ተቀመጪ። በቀኙ ያለ ሰው ነው የሚያነበው።»

«ቆይ!» አሉ ጸሐፊው። ምን እንደጻፉበት ያውቃሉ። ለስምንቱ እንጂ ለእሷ አልጻፉትም። ወረቀቱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ወይንሸት ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች።

«ባለቤቴ በታመመች በሰባተኛው ቀን፣ 'ወይንሸት መጣች?' አለችኝ። 'ተልኮባታል፣ መንገድ ላይ ናት' አልኳት። በስምንተኛው ቀን ጠየቀችኝ። 'መንገድ ላይ ናት' አልኳት። በዘጠነኛው ቀን ድምፅ አልነበራትም፤ ዓይኗን ወደ በሩ አደረገች። እኔም 'መንገድ ላይ ናት' አልኳት። በሩን እያየች ዐረፈች። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ወይንሸት ወረቀቱን ደግማ በልቧ አነበበችው።

«እናቴ ስለ እኔ ጠይቃለች?» አለች።

«እስከ መጨረሻው» አሉ አባትዋ።

«እኔ እኮ እሷም የጠላችኝ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት፣ አባዬ! እሷም ከልጆቿ ቆጥራ ያወጣችኝ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ለምን አልጻፍክልኝም?»

«ብቻዬን ስጽፍ ሁሌም ሁለት ነው የምጽፈው» አሉ፤ አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው፣ በሰው ፊት፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ።

አላቀፈቻቸውም። እኔም ለስብከቴ እንዲያምርልኝ ብዬ ዐቀፈቻቸው አልላችሁም። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ እንዲህ አለች፦

«ነገ መቃብሯ ጋ ውሰደኝ። 'ደርሳለች' በላት። ያኔ የነገርካት አንተ ነህ፤ አሁንም የምትነግራት አንተ ነህ።»

በማግስቱ ሄዱ። ስምንቱም አብረው ሄዱ። ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያለ ወረቀት፣ «ደርሳለች» አሉ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ወደ እኛ እንምጣ። እኛስ ስንት ብለን ነው የጻፍነው? ከሕይወት ታሪካችሁ ቆጥራችሁ ያወጣችሁት ማን ነው? ልጅ ነው? ወንድም ነው? ጥሩምባ ነፍታችሁ ያለፋችሁት በር የቱ ነው? «መንገድ ላይ ነው» እያላችሁ የምታቆዩት ይቅርታ የቱ ነው?

ብቻችሁን ስትሆኑ አሳምራችሁ ትጽፋላችሁ። አውቃለሁ፤ እኔም ጎበዝ ነኝ። ብቻውን የሚጽፍ ሰው የሚዋሸው ለራሱ ነው፤ ራሱ ደግሞ አይጠይቀውም። ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ግን፣ ታሪካችሁን በእሱ አፍ ስትሰሙት ግን፣ የእሱን «እኔ» በእናንተ አፍ ስታነቡት ግን፣ ልባችሁ ቁጥሩን ማስተካከል ይጀምራል። እነዚያ ስምንት ሰዎች ሰባኪ አልነበራቸውም። ወረቀት ነበራቸው፣ ደንብ ነበራቸው፣ በቀኛቸው ሰው ነበራቸው። እግዚአብሔርም በመካከላቸው ተቀመጠ። እኔ ሠላሳ ስብከት ሰብኬ ያላደረግሁትን አደረጉ፤ አደንቃቸዋለሁ፣ እቀናባቸውማለሁ።

ስለዚህ ቀንቼ ዝም አላልኩም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ከጀርባ ባለው ክፍል ወንበር ይደረደራል። እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። እናንተ የምታውቁት ሰባኪ የለበትም። ስለ አንድ ወንድሜ ነው።

በቀኜ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ምናለ ለእኔ ስትሉ ብትመጡ?