የአንበሳው ዓሣዎችና ነጩ ነጥብ

አንድ ጊዜ ከፍል ውሃ አጠገብ የሚኖር አንበሳ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ አሥር ዓሣዎች ነበሩት። ከጎፈሩ ይልቅ የሚኮራው በእነሱ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ገላቸው ነጫጭ ነጥብ ብቻ ሆኖ አገኛቸው።

ወዲያው እመት ቀበሮና አያ ጅቦ ተጠሩ።

«እድፍ ነው ጃንሆይ! በአሸዋ ተፈትገው ይታጠቡ» አለች ቀበሮ፣ ወደ ገንዳው ዞር ብላ እንኳ ሳታይ።

«ምን ያደክምዎታል ጃንሆይ?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ለእኔ ይስጡኝና ከነነጥባቸው ልገላግልዎ።»

ከገንዳው ዳር የምትኖረው ትንሿ ኤሊ ይህን ሰማች። ሰው ፊት መናገር ያሳፍራታል። ሆኖም ከትናንት ጀምራ ዓሣዎቹን ስታይ ነበርና ዝም ማለት አልሆነላትም።

«አይፈተጉ» አለች በቀጭን ድምፅ። «የዓሣ ልብሱ ያ የሚያሙለጨልጨው ዝልግልግ ነው፤ ከተፈተገ ራቁቱን ይቀራል። እድፍ ቢሆን ደግሞ ጎናቸውን ከድንጋይ ጋር ባላሻሹ ነበር። የሚያሳክካቸው አለ። በየነጥቡ ውስጥ ገላቸውን የሚበላ ተባይ ተቀምጧል።»

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?» ብላ ቀበሮ ሳቀች።

«ትሞክር» አለ አንበሳው። «በሃያ ቀን ካልዳኑ ግን ለአያ ጅቦ ይሰጣሉ።»

አህያ አሞሌ ተሸክማ መጣች። ኤሊ ጨውን በውሃ እያሟሟች በጥቂት በጥቂቱ ገንዳው ውስጥ አፈሰሰች። ከፍል ውሃው ቀጭን ቦይ ቀድዳ ገንዳውን ለብ አደረገችው። በአምስተኛው ቀን ነጥቡ ጠፋ።

«አላልኩም? እድፍ ነው፤ ታጠበ፣ ለቀቀ!» አለች ቀበሮ ቀድማ። «ጨው ይብቃ።»

ኤሊ ወደ አንበሳው ቀረብ አለች። «ገና አልዳኑም ጃንሆይ! ተባዩ ከገላቸው ሲረግፍ አይቻለሁ፤ ገንዳው ሥር እየተራባ ነው። አሁን ከተውነው በዝቶ ይመለሳል።»

አንበሳው ማንን ይመን? አምስቱን ዓሣ ከገንዳው አሸዋ ጋር በሌላ ገንዳ አድርጎ ለቀበሮ ሰጠ፤ አምስቱን ለኤሊ ተወ።

በአራት ቀን ውስጥ የቀበሮ ዓሣዎች ከበፊቱ የባሰ ነጡ፤ የኤሊ ግን ንጹሕ እንደሆኑ ቆዩ። አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ።

«እሰይ! እነዚህስ የእኔ ናቸው!» ብሎ ጅብ ተንደረደረ።

«እጅህን ሰብስብ አያ ጅቦ!» አለች ኤሊ መንገዱን ዘግታ። «ቀኑ አልደረሰም፤ እነሱም አልሞቱም።»

ቦዩን ወደዚያኛው ገንዳ መራች፤ ጨው ጨመረች፤ በየቀኑ ሥሩን ጠረገች። ነጥቡ ከጠፋ በኋላም አላቆመችም።

በሃያኛው ቀን አሥሩም ዓሣዎች እንደ ብር አብለጨለጩ። አንበሳው አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ «ዓሣዎቼን ያዳነው ማነው?» ሲል ጠየቀ። ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ኤሊ ግን ቀደመቻት። አንገቷን ቀና አድርጋ «እኔ ነኝ!» አለች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ በዓይኑ አይቶ ያወቀ ሰው ድምፁ ቀጭን ቢሆንም እንኳ ያወቀውን መናገር፣ የጀመረውን እስከ መጨረሻው መፈጸምና በሥራው መኩራት እንደሚገባው ነው።