የቀጠማዋ ማርያም ለምን መስክ ላይ ቀረች

«እማዬ፣ የሰው አገር ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ላይ ነው። የኛዋ ማርያም ምነው ረግረግ ዳር ወረደች?»

ልጄ የውብዳር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። ክርስትና የተነሳሁትም የተዳርኩትም እዚያው ደጅ ነው፤ ግን ለምን እዚያ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ያገሯን ነገር ከእናቷ ካልሰማች ከማን ትሰማለች ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩና፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚኖሩትን እማሆይ ብርነሽን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «በክፉ ቀን ስለሚጠፋ ወዳጅ የምትናገሪው አባባል አለ አይደል? መልሱ እሱው ነው» አሉና አያታቸው ያዩትን አወሩልኝ። መጻፍ ስለቻልኩ፣ እንዳይጠፋ ይኸው ጻፍኩት።

ያኔ አገራችን ቀጠማ ቤተ ክርስቲያን አልነበራትም። ክርስትና የሚነሳ ሕፃን ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላና ስንቱ ሳይጠመቅ ይሞት ነበር። በኋላ ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ባለጸጋ የማርያምን ታቦት አስፈቅደው ሊያስመጡ ሆነ። ችግሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያሠሩት አምባቸው ላይ፣ ከግቢያቸው አጠገብ ነው።

የቀጠማ ሴቶች ሄደው ለመኑ። ከፊት የቆመችው የሻረግ የምትባል፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት ናት።

«ጌታዬ፣ ያን ዳገት ነፍሰ ጡር እንዴት ትወጣዋለች? እታች መስኩ ላይ ያሠሩልን።»

«በበቅሎ ውጪ!»

«በቅሎዋን ከሰጡኝማ ዛሬውኑ እወጣለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ ተናደዱ። «ታቦት ረግረግ አይወርድም! ታቦቷ ራሷ መስካችሁ ላይ አልነሳም ብላ ከቆመች ግን እዚያው አሠራላችኋለሁ። ማርያምን!» ብለው ማሉ።

አባ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ሰምተናል» አሉ።

ታቦቷ የመጣችው በሰኔ ማርያም ነው። ቄስ መርሻ በራሳቸው ላይ ተሸክመዋታል። ከታቦት በላይ የሚዘረጋውን ወርቀ ዘቦ ጥላ መያዝ የዲያቆን ሥራ ነበር፤ ባላምባራስ ግን «ያሠራሁት እኔ፣ የምይዘውም እኔ!» ብለው ነጠቁት። እልልታው ወንዙን ተሻግሮ መስኩ ላይ ሲደርስ ሰማዩ ጠቆረ። ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደ። ባላምባራስ ጥላውን እንደዘረጉ መስኩ ዳር ወዳለው ዋርካ ሮጡ፤ አሽከሮቻቸውም ተከተሉ። በማርያም ጥላ ራሳቸውን ከልለው፣ ማርያምን ሜዳ ላይ ትተው!

ታቦት መሬት አይቀመጥ፣ በዚያ ድጥ አይሮጥ፤ ቄስ መርሻ ቆሙ። ይኼኔ የሻረግ ነጠላዋን አውልቃ ከራሳቸው በላይ ዘረጋች።

«ምን ታያላችሁ? ጫፉን ያዙ እንጂ!»

ሌሎቹም ነጠላቸውን እየደረቡ ድንኳን አደረጉት። በረዶው ክንዳቸውን ሲገርፈው እነሱ እልል ይላሉ።

«አንቺ ሂጂ ተጠለዪ፣ ሆድሽን አስቢ!» ቢሏት፣ «የሆዴን ነገር ለሷ ነግሬያታለሁ» አለች።

ሲያባራ ባላምባራስ ተመለሱ። «በሉ እንነሳ!»

«እግሬ አልነቃነቅ አለኝ» አሉ ቄሱ።

«ጭቃው ነው!»

«ጭቃውስ የማን ነው?»

ባላምባራስ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከነጠላው ሥር የተነቃነቀ ሰው የለም። አባ ዘለቀ ቀስ ብለው፣ «ማርያምን ብለዋል» አሏቸው።

ባላምባራስ መሐላቸውን አልበሉም፤ መስኩ ላይ አሠሩ። መጀመሪያ ክርስትና የተነሳችውም የየሻረግ ልጅ ናት። ዛሬ በሰኔ ማርያም ከስንት አገር ተሳላሚ ይመጣል። ሌላ ደብር ታቦት በጥላ ይወጣል፤ የኛዋ በእናቶች ነጠላ ሥር ነው የምትወጣው። ዘንድሮ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን የውብዳር፤ ክንዴ እስኪዝል አልለቀቅኩም።

በረዶው የወረደ ዕለት ግን ባላምባራስ ጥላውን ለዲያቆኑ መልሰው ዳገቱን ብቻቸውን ወጡ፤ አባ ዘለቀም ከኋላቸው እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ባለ ጥላው ሸሸ፣ ባለ ነጠላዋ ቆመች።»