ከምንጣፍ ስር ያደረ ውሃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ሁለት ቤት የሚተዳደረው በእሷ ነበር።

ተቀመጥ እንጂ ታምሬ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «በቤቴ ጭቅጭቅ አይታወቅም፤ ክፉ ቃል እንዳይነገር ከልክያለሁ። ታዲያ ኩርፊያው በየት ነው የሚገባው? ሚስቴስ ምን ጎድሎባት ነው አንድ ቃል ሳትናገር ወደ እናቷ ቤት የሄደችው?» ነው ያልከኝ። እህቷ ናት የምታሳብዳት ብለህም ጨምረሃል። በመኪናዋ ልመልስልህ። አታቋርጠኝ፤ ይህን ነገር ሳወራ እኔ ራሴ ስለምቸኩል፣ ሁለታችንም ከቸኮልን መድረሻችን አይታወቅም።

ሰውየው የሚሠራበት መንገድ አስፋልት የሌለው የቆላ ፒስታ ነው። በበጋ አቧራው እንደ በርበሬ ይቦናል። የሚገባው ደግሞ በመስኮት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከስርም ነው። ተሳፋሪው ነጭ ለብሶ ይሳፈርና ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የዚያ አገር ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው። መኪና እንደገዙ ከስሯ ይተኙና ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ። አሮጌ ጨርቅ ይቀደዳል፣ ሬንጅ ውስጥ ይነከራል፣ በካቻቢቴ ይጠቀጠቃል። ታላቅየው ደግሞ ሥራ ከያዘ እስከ ጥግ ነው። ሰማያዊ ቱታውን ቀዳደደና የወለሉን ደፈነ፣ የበሮቹን ግርጌ ደፈነ፣ ከጎማው መከለያ ከፓራፋንጎው ጀርባ የተሸሸጉትን እንኳ ፈልጎ ደፈነ። በዚያ በጋ ተሳፋሪው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። እኔም ተሳፍሬባታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትመች ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ከፊት የተቀመጠች ሴት እግሯን ሰብስባ «እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ዓሣ ታረባላችሁ እንዴ?» አለች። ሰውየው ምንጣፉን ቢያነሳው ከስሩ ውሃ ቆሟል። ጨመቀው፣ አጥር ላይ አሰጣው፣ ሲደርቅ መለሰው። በማግስቱ ዘነበ፤ ውሃውም ተመለሰ።

የመስታወቱን ጎማ ቀየረ። ተመለሰ። ጣራውን በማጣበቂያ ለቀለቀው። ተመለሰ። ወለሉ ይዝግ ጀመር፤ ጠረኑም የበሰበሰ ጆንያ ሆነ፣ ተሳፋሪውም ወደ ሌላ መኪና ሸሸ። የሚደፈን ነገር ሲያልቅበት የሚወቀስ ሰው ፈለገ። ማታ ማታ መኪናዋን የሚያጥባት ታናሹ ነበር። «መስኮት ከፍቶ እየተወ ነው» አለ በልቡ፤ ቀጥሎም በአፉ አለው። ታናሹ ቢምል ቢገዘት አልሰማውም።

አንድ ቀን ደግሞ ምን አደረገ መሰለህ? ወንድሙ ሊያጥባት ከመረከቡ በፊት በየመስኮቱ ጠርዝ ከውስጥ በኩል ቀጭን ክር ለጠፈ። መስኮቱ ከወረደ ክሩ ይረግፋል። ሌሊቱን ዘንቦ ሲነጋ ክሩ ሁሉ በቦታው ነው፤ ምንጣፉ ግን ይጨመቃል። አንተ ብትሆን «ለካ ወንድሜ አይደለም» ትል ነበር። እሱ ግን «ክሩን አይቶብኛል» አለ። የተጠራጠረ ሰው ማስረጃ ሲያጣ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተጠራን፤ አንዱ እኔ ነኝ። የተጠራነው ለእርቅ አልነበረም። መኪናዋ ተሸጣ ወንድማማቾቹ ለየብቻ እንዲሆኑ ልናስማማ ነበር። እናታቸው ግቢ ስንደርስ እናትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እኔም ደንግጬ «ማን ሞተብሽ?» አልኳት።

«ልጆቼ» አለች።

ታላቅየው ነጭ ልብሱን ለብሶ እንደ ከሳሽ ቆሟል። ታናሹ እንዲህ አለ፤ «ይሸጥ፤ እስማማለሁ። ከመሸጡ በፊት ግን ጋሼ አንዴ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥልኝ። ምንጣፉን ያንሳው፣ ባትሪ ይያዝ። እኔ ከውጭ ውሃ ላፍስስ። አባቶች ደግሞ ተመልከቱልኝ።»

የሚሸጥ ዕቃ ላይ ምን ያደርጋል ሊል ታላቅየው አፉን ከፈተ፤ የእናቱን ነጠላ አየና ተወው። ገባ። በሩ ተዘጋበት። ባልዲውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው።

ታናሹ ከታች ጀመረ። ከላይ ብትጀምር ውሃው ሁሉንም ያረጥብና በየት እንደገባ አታውቅም። በሩን አጠጣው። «እህስ?» አልነው ታላቅየውን። «ደረቅ ነው» አለ ከውስጥ። የመስታወቱን ጎማ አጠጣው። «ደረቅ ነው።» ጣራውን። «ደረቅ።» ደረቅ ባለ ቁጥር ድምፁ እያነሰ ይሄዳል፤ ክሱም አብሮ እያነሰ እንደሆነ ገብቶታል።

ከዚያ እልህ ያዘውና መስኮቱን በገዛ እጁ ዝቅ አድርጎ «አሁን አፍስስ!» አለ። ታናሹም አፈሰሰ። ውሃው ወንበሩን አራሰው፣ ሰውየውንም እስከ ጭኑ አራሰው። እኛ ሳቅን። እሱ ግን እርጥብ ሱሪውን ይዳብስ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ ወለሉ ሲረጥብ ወንበሩ አንድም ቀን ረጥቦ አያውቅም ነበር። ይህን እኛ አልነገርነውም፤ ራሱ ነው ያሰበው።

«ከኮፈኑ በላይ ሞክር» አለ፤ ያዘዘበት ድምፅ ተለውጧል።

ከፊት መስታወቱ ግርጌ አየር የሚገባባቸው ስንጥቆች አሉ። ታናሹ እዚያ አንድ ባልዲ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ውስጥ ምንም የለም። ሌላ አቀበልኩት። ምንም የለም። እኔ ጎንበስ ብዬ ከመኪናዋ ስር አየሁ፤ መሬቱ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። ያን ያህል ውሃ ጠጥታ በውስጥም በውጭም ካላወጣችው፣ የሆነ ቦታ ይዛዋለች ማለት ነው። «ጨምር!» አልኩ፤ ሽማግሌነቴን ረስቼ ባልዲውን ራሴ አነሳሁ።

«ዝም በሉ!» አለ ታላቅየው ከውስጥ። ዝም አልን። «ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቁልቅ ቁልቅ ይላል… ሞልቷል… መጣ! ከላይ ነው የሚወርደው! ና፣ ና እይ!» በሩን በርግዶ ከፈተና ማንን ጠራ መሰለህ? ያን የከሰሰውን ወንድሙን። ክንዱን ይዞ ጎትቶ አስገባው፤ ሁለቱ አንድ ባትሪ ይዘው ጭንቅላታቸውን ከዳሽቦርዱ ስር ከተቱ። እኛም ተጋፍተን አንገታችንን አስገባን። እናትየዋ እንኳ ከደጃፉ ተነሥታ መጣች።

አሁን ልብ በል። በእነዚያ ስንጥቆች ዝናብ ሁልጊዜ ይገባል። አዲስ ሳለችም ይገባ ነበር። የሠሯት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከስንጥቁ ስር ቦይ ሠርተው፣ በቦዩ ጫፍና ጫፍ ከፓራፋንጎው ጀርባ መውጫ ቀዳዳ ትተዋል። የገባው በዚያ ይወርዳል፤ ማንም ሳያውቀው መሬት ይጠጣዋል። መውጫው ከተዘጋ ግን ቦዩ ይሞላል፣ ሲሞላ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ወለሉም ስለተደፈነ እዚያው ይተኛል።

ታላቅየው ከመኪናዋ ስር ተኛ። በባትሪው ሲፈልግ ቆይቶ መውጫውን አገኘው። የደፈነው ሬንጅ ውስጥ የገዛ ቱታው ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉሃል ይህ ነው። የጠቀጠቀበትን ካቻቢቴ ተቀብሎ ነቀለው። ታምሬ፣ የወጣውን ብታይ! ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የቆመ ውሃ፣ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር፣ ጥቁር፣ የሚሸት፤ ከእጁ ጀምሮ ያን ነጭ ልብሱን እስከ ደረቱ አጠቆረው። ፊቱን አላዞረም። ፈስሶ እስኪያልቅ ተኝቶ ጠበቀው። ከዚያ ከስር ሆኖ «የወዲያኛው ጎን እጄ አይደርስም፤ አንተ ክፈተው» አለ። ታናሹም በወዲያ በኩል ተኛ። ይቅርታ ሲጠይቀው አልሰማሁም፤ ግን ሁለቱም ከዚያ ስር ተጠምደው ሲስቁ ሰማሁ። እናትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። መኪናዋም አልተሸጠች፤ ቀዳዳው በመከፈቱ አቧራው ቢመለስም ችለውት ኖሩ።

እንግዲህ ታምሬ፣ መኪናዋ ያንተ ቤት ናት። ኩርፊያው በየት ይገባል አልከኝ። በሁሉም ቤት በሚገባበት ነው የሚገባው፤ ከድካም፣ ከሰው ቃል፣ ከራስህም አመል ይገባል። እሱን መከልከል አትችልም። አንተ የደፈንከው መውጫውን ነው። ጩኸት እንዳይሰማ ብለህ «በቤቴ ክፉ ቃል አይነገርም» አልክ፤ ቤትህም ለጊዜው ጸጥ አለ፣ ጎረቤትም አደነቀህ። ሚስትህ ግን የከፋትን የምትናገርበት አጣች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ዋጠችው፣ ሞላ፣ ተገለበጠ። አንተ ደግሞ ምንጣፉን እያሰጣህ እህቷን ትከሳለህ፤ ጨርቁ ግን የማን ቱታ እንደሆነ አሁን ሳታየው አልቀረህም።

በል ተነሥ። እናቷ ነጠላዋን ሳታዘቅዝቅ ድረስ። «ምን አደረግኩሽ?» ብለህ ጠይቃትና አፍህን ዝጋ። መጀመሪያ የሚወጣው ይሸታል፤ ብዙ ዘመን የቆመ ነውና። ክፉ ሆነችብኝ ብለህ ፊትህን እንዳታዞር፤ ፈስሶ እስኪያልቅ ጠብቅ።

ይህን የለበስከውን ነጭ ጋቢ ግን እዚህ ተወው፤ እኔ ዘንድ ይቆይልሃል።